የመታሰቢያ ሳንቲም ገዢ የሚከፍለው ለብሩ ነው ወይስ ለወሬው?

በዓለም ገበያ የአንድ አውንስ ብር ዋጋ በኦክቶበር 2025 ከ50 ዶላር በላይ ወጣ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በጃንዋሪ 1980 ዋጋው ወደ 50 ዶላር ተጠግቶ ከወደቀ ወዲህ ያ ጣሪያ ለ45 ዓመታት ያህል ሳይሰበር ቆይቶ ነበር። በዚያው በኦክቶበር 2025 የወርቅ ዋጋም በአውንስ 4,000 ዶላርን ተሻገረ። በማዕድን ለሚነግድ ሰው ይህ የምሥራች ነበር። በየዓመቱ አዳዲስ የመታሰቢያ ሳንቲም ሲወጣ እየጠበቀ የሚገዛው ሰብሳቢ ግን ዜናውን የሰማው በሌላ ጆሮ ነው። ቀድሞም ውድ የነበረው ዕቃ አሁን ከኪሱ አቅም በላይ እየሆነ ነው።

የጥያቄው ማዕከል አሜሪካ ናት። የአሜሪካ መንግሥት የሳንቲም ማምረቻ፣ በተለምዶ ሚንት የሚባለው ድርጅት፣ ምክር ቤቱ በሕግ ሲያዘው ለአንድ ታሪካዊ ድርጊት ወይም ለአንድ ታላቅ ሰው መታሰቢያ የሚሆኑ የወርቅ፣ የብርና የመዳብ-ኒኬል ሳንቲሞችን አምርቶ ለሕዝብ ይሸጣል። ሳንቲሞቹ ሕጋዊ ገንዘብ ናቸው። ይሁን እንጂ "አንድ ዶላር" የሚል የተጻፈበትን ሳንቲም በአንድ ዶላር የሚያወጣው ማንም የለም። የሚሸጠውም በተጻፈበት ዋጋ አይደለም፤ በብዙ አሥር ዶላሮች ነው።

ሰብሳቢዎች አሁን የሚከራከሩት "ዋጋው ተወደደ" በሚለው ላይ ብቻ አይደለም። የተወደደ ነገር ሁሉ አይጣልም፤ ርካሽ የሆነም ሁሉ አይገዛም። ዋናው ችግር ሻጩ አንድ ነገር ሲሸጥ ገዢው ሌላ ነገር የገዛ መምሰሉ ነው። ሚንቱ የሚሸጠው ማስታወሻ ነው። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ግን ቁጠባ የገዙ ይመስላቸዋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት ሒሳቡን መዘርዘር ይበቃል።

በአንድ ዋጋ ውስጥ ሦስት ዋጋ

አንድ ሰብሳቢ ለአንድ የብር የመታሰቢያ ዶላር የሚከፍለው ገንዘብ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው የማዕድኑ ዋጋ ነው። ከ1982 ወዲህ ለረጅም ጊዜ የተሠሩት የመታሰቢያ ዶላሮች 26.73 ግራም ይመዝናሉ፤ ከዚህ ውስጥ 90 በመቶው ንጹሕ ብር ነው። ይህም 0.77 አውንስ ያህል ነው። በቅርብ ዓመታት የሚወጡት ንጽሕናቸው 99.9 በመቶ ስለሆነ የያዙት ብር ወደ 0.86 አውንስ ከፍ ብሏል።

ሁለተኛው የማምረቻው፣ የማሸጊያው፣ የማስታወቂያውና የሽያጩ ወጪ ነው። መልኩ እንደ መስታወት የሚያበራው፣ ፕሩፍ የሚባለው ዓይነት በተለየ ጥንቃቄ ስለሚሠራ ሣጥኑና የምስክር ወረቀቱ ሳይቀር ዋጋ ይጨምራሉ።

ሦስተኛውን ክፍል ብዙ ገዢ ልብ አይለውም። በሕጉ መሠረት በእያንዳንዱ የመታሰቢያ ሳንቲም ላይ የመዋጮ ጭማሪ አለ፤ በተለምዶ በወርቁ 35 ዶላር፣ በብሩ 10 ዶላር፣ በመዳብ-ኒኬሉ የግማሽ ዶላር ሳንቲም ደግሞ 5 ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ ሕጉ ለሰየመው ሙዚየም፣ ማኅበር ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚሄድ ነው። ነገሩ የተቀደሰ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሰብሳቢው ሳንቲሙን መልሶ ሲሸጥ 10 ዶላሩን የሚመልስለት ገዢ አያገኝም። መዋጮ መዋጮ ነው፤ በንብረት መዝገብ ውስጥ አይገባም።

ብር የሌለበት የግማሽ ዶላር ሳንቲም ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። 11.34 ግራም የሚመዝነው ይህ ሳንቲም የያዘው መዳብና ኒኬል ከጥቂት የአሜሪካ ሳንቲሞች በላይ አያወጣም። በ1986 ፕሩፉ ከ10 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን ከ30 ዶላር የሚዘልበት ጊዜ መጥቷል። ስለዚህ "ብር ስለተወደደ ነው" የሚለው መልስ ትክክል ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ብር የሌለበትም ተወዷልና።

የቺካጎው ትምህርት

ታሪኩ የሚጀምረው በ1892 ነው። ኮሎምበስ አሜሪካ የደረሰበት 400ኛ ዓመት በቺካጎ በታላቅ ኤግዚቢሽን ሊከበር ሲዘጋጅ አዘጋጆቹ ከምክር ቤቱ የግማሽ ዶላር የብር ሳንቲም እንዲቀረጽላቸው አስፈቀዱ። 50 ሳንቲም የሚያወጣውን ዕቃ በአንድ ዶላር፣ ማለትም በእጥፍ፣ ሸጡት። የመጀመሪያውን ሳንቲም የሬሚንግተን የጽሕፈት መኪና አምራቾች በ10,000 ዶላር ገዙት። ለእነርሱ ሳንቲሙ ማስታወቂያ ስለነበር ገንዘቡ ባክኖ ቀረ ማለት አይቻልም።

ሌላው ሕዝብ ግን እንደተጠበቀው አልገዛም። ከአራት ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ከ1893 የተቀረጸው ሳንቲም አብዛኛው ሳይሸጥ ቀረ። ሚሊዮኖቹ ቀለጡ፤ ሌሎቹ በተጻፈባቸው በ50 ሳንቲም ዋጋ ወደ ተራው ገበያ ተበተኑ። አንድ ዶላር ከፍሎ መታሰቢያ የገዛው ሰው ጎረቤቱ ያንኑ ሳንቲም ከሱቅ መልስ ሆኖ በግማሽ ዋጋ ሲቀበለው ተመለከተ። የዛሬው ክርክር ሥር እዚያው ነው። የመታሰቢያ ሳንቲም ዋጋ የሚቆመው ሰው ሲፈልገው እንጂ መንግሥት ስለቀረጸው አይደለም።

ሁለተኛው ትምህርት በ1936 መጣ። በዚያ ዓመት የመታሰቢያ ግማሽ ዶላር እንደ አሸን ፈላ። ከተሞችና ማኅበራት እየተነሡ ሳንቲም አስፈቀዱ፤ አንዳንዶቹ አንዱን ንድፍ በሦስት ማምረቻዎች እያስመቱ ሰብሳቢውን ሦስት ጊዜ አስከፈሉት። በሲንሲናቲ ከተማ ስም የወጣው የሙዚቃ መታሰቢያ የዚያ ዘመን ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ5,000 ገደማ ብቻ የተሠራው የሦስት ሳንቲም ስብስብ በ7.75 ዶላር ሲሸጥ ወዲያው አለቀ፤ ዋጋውም በገበያ ላይ ተተኮሰ። የሸቀጡ ባለቤት አንድ ነጋዴ ነበር፤ ይከበራል የተባለው በዓል መኖሩ ራሱ አከራካሪ ነበር። ጥቂት ቆይቶ የመታሰቢያ ሳንቲም ገበያ በጠቅላላው ተነፈሰ። በ1939 ምክር ቤቱ ቀደም ሲል የተፈቀዱ ሳንቲሞች ከዚያ በኋላ እንዳይቀረጹ በሕግ ከለከለ። በ1954 ደግሞ ጉዳዩ ፈጽሞ ተዘጋ።

እንደገና የተከፈተው በ1982 የጆርጅ ዋሺንግተን 250ኛ የልደት መታሰቢያ ግማሽ ዶላር ሲወጣ ነው። ከዚያ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ሳንቲሞች የመዋጮውን ሥርዓት ይዘው መጡ። የ1986 የነፃነት ሐውልት ሳንቲሞች ደግሞ ገበያውን አጥለቀለቁት።

የ24 ዶላሩ ሒሳብ

የ1986ቱ የነፃነት ሐውልት ፕሮግራም እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ታላቅ ሽያጭ ነው። ለሐውልቱና ለኤሊስ ደሴት እድሳት ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ መዋጮ አስገኝቷል። የብር ዶላሩ ፕሩፍ ብቻውን ከስድስት ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ዋጋው 24 ዶላር ነበር። በዚያ ዓመት ብር በአውንስ ከ5 ዶላር ተኩል ገደማ ስለነበር በሳንቲሙ ውስጥ ያለው ማዕድን ከ4 ዶላር እምብዛም አይበልጥም። ማለትም ሰብሳቢው የከፈለው ከማዕድኑ ዋጋ ከአምስት እጥፍ በላይ ነው።

እንግዲህ "ድሮ ርካሽ ነበር" የሚሉ ሰብሳቢዎች እዚህ ላይ ቆም ብለው ማሰብ አለባቸው። ሚንቱ ከሞርጋን ወደ ፒስ የብር ዶላር የተሸጋገረበትን 100ኛ ዓመት ለማሰብ በ2021 ያወጣቸው ሳንቲሞች በ85 ዶላር ሲሸጡ ብር በአውንስ 26 ዶላር ገደማ ነበር። በአንዱ ሳንቲም ውስጥ ያለው ማዕድን ወደ 22 ዶላር ይደርሳል። ስለዚህ ገዢው የከፈለው ከማዕድኑ አራት እጥፍ ያህል ነው። በማዕድን ሚዛን ሲታይ የ2021 ገዢ ከ1986 ገዢ የተሻለ ነው። በኪስ ሚዛን ሲታይ ግን አይደለም። የዋጋ ንረቱ ተሰልቶ የ1986ቱ 24 ዶላር በ2021 ወደ 60 ዶላር የሚጠጋ ነው፤ የተጠየቀው ግን 85 ነው።

ቀጥሎ ያለው ሒሳብ ነጋዴን ይበልጥ ይመለከታል። በ1986 24 ዶላር ከፍሎ ሳንቲሙን ሣጥን ውስጥ ያኖረ ሰው ምን አተረፈ? ለብዙ ዓመታት ምንም። ብር በ20 ዶላር በሚሸጥበት ጊዜ እንኳ በሳንቲሙ ውስጥ ያለው ማዕድን ከ16 ዶላር በታች ነበር። የተሸጠው ከስድስት ሚሊዮን በላይ ስለሆነ ማንም ገዢ ከማዕድኑ በላይ ብዙ የሚጨምርበት ምክንያት አልነበረውም። ብር 50 ዶላር ሲደርስ ማዕድኑ ወደ 39 ዶላር ወጣ፤ ይህም ከተገዛበት ዋጋ ይበልጣል። ነገር ግን የ1986ቱ 24 ዶላር የመግዛት አቅም በ2025 ሲሰላ ወደ 70 ዶላር ይጠጋል። ስለዚህ ከ39 ዓመታት በኋላ፣ ያውም ብር ታሪካዊ ጣሪያውን በሰበረበት ወር፣ ባለሳንቲሙ ገና ኪሳራ ላይ ነው።

በዚያው 24 ዶላር ሳንቲሙን ትቶ ጽሑፍም ሥዕልም የሌለው ጥፍጥፍ ብር የገዛ ሰው ቢኖር ከአራት አውንስ በላይ ይደርሰው ነበር። ብሩ 50 ዶላር በገባበት ቀን እጁ ላይ ያለው ከ200 ዶላር በላይ ነው። በሁለቱ ገዢዎች መካከል ያለው ልዩነት የዕድል አይደለም። አንዱ ለማዕድን ከፈለ፤ ሌላው ለማዕድንና ለታሪክ ከፈለ፤ ታሪኩን መልሶ የሚገዛው አጣ።

ማዕድኑም ቢሆን ሁልጊዜ ሽቅብ አይሄድም። በ1980 መጀመሪያ ወደ 50 ዶላር የተጠጋው ብር በማርች ወር መጨረሻ ወደ 11 ዶላር ወረደ። በ2011 ከ48 ዶላር ካለፈ በኋላ በ2015 መጨረሻ ከ14 ዶላር በታች ሆነ። በጣሪያው ላይ የገዛ ሰው የሚጠብቀው የዘመድ ምክር ሳይሆን ብዙ ዓመት ነው። በጣሪያው ላይ ገዝቶ ደግሞ በማዕድኑ ላይ ሌላ እጥፍ የከፈለ ሰው የሚጠብቀው የልጆቹን ዘመን ነው።

ጥቂት መሆን ብቻውን ዋጋ አይሆንም

ሻጮች ለዚህ ሁሉ አንድ መልስ አላቸው፤ "ቁጥሩ የተወሰነ ነው" ይላሉ። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው።

ለ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ በ1995 እና በ1996 በጠቅላላው 32 ዓይነት ሳንቲሞች ወጡ። ሁሉንም ለመያዝ የተነሣ ሰው ብዙ ገንዘብ ያስፈልገው ስለነበር ብዙዎቹ ሰለቹና አቆሙ። ከዚህ የተነሣ አንዳንዶቹ በጣም ጥቂት ተሸጡ። ፕሩፍ ያልሆነው የ1996ቱ የፓራሊምፒክ የብር ዶላር የተሸጠው 14,497 ብቻ ነው። ማንም ስላልፈለገው ብርቅ ሆነ፤ ብርቅ ስለሆነ ኋላ ተፈለገ፤ ዋጋውም ወጣ። ምክር ቤቱም ከዚህ ተምሮ በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ ከ1999 ጀምሮ በዓመት ከሁለት በላይ የመታሰቢያ ፕሮግራም እንዳይኖር ወሰነ። መዋጮ የሚቀበለው ድርጅትም ሚንቱ ወጪውን ሙሉ በሙሉ ሳይመልስና ድርጅቱ ራሱ ከግል ምንጮች ተመጣጣኝ ገንዘብ ሳያሰባስብ እንዳይከፈለው ተደረገ።

በ1997 የወጣው የጃኪ ሮቢንሰን የአምስት ዶላር ወርቅም ተመሳሳይ ነው። ፕሩፍ ያልሆነው የተሸጠው 5,174 ብቻ ነበር። 200 ዶላር ገደማ የተከፈለበት ይህ ሳንቲም ኋላ በብዙ እጥፍ ወጣ፤ ከዚያም በከፊል ተመልሶ ወረደ። በወርቁ ዋጋ መናር ምክንያት አልነበረም የወረደው፤ ወርቁማ ወጥቷል። የወረደው የሰብሳቢው ፍላጎት ነው።

የ2001ዱ የጎሽ ዶላር ደግሞ በተቃራኒው 500,000 ሆኖ ሳለ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ አለቀ። ግማሽ ሚሊዮን ጥቂት አይደለም። የተሸጠው ግን አሜሪካኖች ከልጅነታቸው የሚያውቁትን የጎሽ ሥዕል የያዘ ስለነበረ ነው። በ30 ዶላር አካባቢ የተሸጠው ዕቃ ብዙም ሳይቆይ በሁለተኛው ገበያ እጥፍና ከእጥፍ በላይ አወጣ።

ከእነዚህ ሦስት ምሳሌዎች የሚገኘው ትምህርት ለደላላ አዲስ አይደለም። ዋጋ የሚቆመው በብዛት ማነስ ብቻ ሳይሆን በፈላጊ ብዛት ነው። አሥር ሺሕ ሳንቲም ለሃያ ሺሕ ፈላጊ ብርቅ ነው፤ ለስምንት ሺሕ ፈላጊ ግን ትርፍ ክምችት ነው። ችግሩ የትኛው እንደሚሆን በሽያጩ ቀን የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። ያተረፉት የፓራሊምፒኩ ሳንቲም ገዢዎች ትርፉን ያገኙት ሌላው ሰው ሁሉ ፊቱን ባዞረበት ቀን ስለገዙ ነው። ማስታወቂያ በሚጮህበት ቀን የሚገዛ ሰው ያን ዕድል አያገኝም።

አሁን ያለው የዋጋ ጭማሪ ይህንን ነገር ያባብሰዋል። ዋጋው ሲወጣ ሰብሳቢው ከሁሉም አንዳንድ መግዛቱን ይተዋል። አንድ ዓመት የዘለለ ሰው ስብስቡ ስለጎደለ በሚቀጥለውም ዓመት መግዛቱ ትርጉም ያጣበታል። ለብር ዶላር 400,000 ድረስ እንዲሠራ በሕግ ቢፈቀድም የብዙዎቹ ሽያጭ ከዚያ ጣሪያ እጅግ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ሚንቱ ቋሚ ወጪውን በጥቂት ሳንቲሞች ላይ ሲያካፍል ዋጋው እንደገና ይወጣል። ዋጋው ሲወጣ ደንበኛው እንደገና ይቀንሳል። በጣም የሚያሳስበው ደግሞ የሚቀረው ማን ነው የሚለው ነው። የኪስ ገንዘቡን አጠራቅሞ አንድ ሳንቲም ይገዛ የነበረው ልጅ ዛሬ ከተገፋ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ከአረጋውያኑ ስብስቡን የሚገዛው ማን ነው? ፈላጊ የማይተካ ገበያ ውስጥ ብርቅነት ዋጋ አይሰጥም።

የዋልያው ወርቅና ጠገራው ብር

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው አንባቢ ካለ የራሱን አገር ሳንቲሞች ያስታውስ። ኢትዮጵያም የመታሰቢያ ሳንቲሞች አውጥታለች። ለዱር እንስሳት ጥበቃ በተደረገው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም 1970 ዓ.ም. የተጻፈባቸው ሦስት ሳንቲሞች ወጥተዋል፤ ጢም ያለው አሞራ የተቀረጸበት የ10 ብር፣ የደጋ አጋዘን ያለበት የ25 ብር፣ ዋልያ ያለበት የ600 ብር ወርቅ ናቸው።

የ600 ብሩን ሳንቲም ለነጋዴ ማስላት ቀላል ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ዶላር በ2.07 ብር ይመነዘር ስለነበር 600 ብር ወደ 290 ዶላር ነበር። 33.4 ግራም የሚመዝነው ሳንቲም የያዘው ንጹሕ ወርቅ ከአንድ አውንስ ጥቂት ያንሳል፤ የዚያን ጊዜ ዋጋው ከ200 ዶላር በታች ነበር። ስለዚህ በዚያን ዓመት በላዩ የተጻፈው ቁጥር ከውስጡ ካለው ወርቅ ይበልጥ ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ብር ከዶላር ጋር የነበረው ምንዛሪ ተለውጦ 600 ብር ከአምስት ዶላር በታች ሆኗል። ወርቁ ግን በአውንስ 4,000 ዶላር ሲገባ ብቻውን ከ3,800 ዶላር በላይ አወጣ። የተጻፈው ቁጥር ሟሸሸ፤ ማዕድኑ ቀረ። ሳንቲሙ ብርቅ ስለሆነ ሰብሳቢ የሚጨምርበት ነገር ይኖራል፤ ነገር ግን ባለቤቱን ያዳነው ዋናው ነገር ከዋልያው ሥር ያለው ወርቅ ነው።

ከዚህም በፊት አገሩ ራሱ የማዕድን ገበያ ትምህርት ቤት ነበር። የአማርኛው ቃል ሳይቀር ይመሰክራል፤ ገንዘቡም ብር፣ ማዕድኑም ብር ነው። ጠገራ ብር የሚባለው የማርያ ቴሬዛ ሳንቲም የተጻፈበት ዓመት ምንጊዜም 1780 ነው፤ ዛሬም በቪየና ይቀረጻል። 28 ግራም ጥቂት የሚያልፍ ክብደት አለው፤ ከዚህ 23.4 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። የድሮ ነጋዴ ጠገራውን ሲቀበል የንግሥቲቱን የጌጥ ዕንቁዎች ይቆጥር ነበር፤ ድምፁን ያዳምጥ ነበር፤ ያረጀና የተፈጋፈገ ሲሆን ይመልስ ነበር። አፄ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበትን የራሳቸውን ብር በፓሪስ ሲያስቀርጹ እንኳ ገበያው ለረጅም ጊዜ በጠገራው ላይ ጸንቶ ቆየ። ነጋዴው ለንጉሡ አክብሮት አጥቶ አይደለም፤ የለመደውን ማዕድን ስለሚያምን ነው።

ጠገራ ብር የተወሰነ ቁጥር የለውም፤ የምስክር ወረቀት የለውም፤ የሚታሰብበት በዓል የለውም። ለዚህም ነው ዋጋው ማዕድኑን ብቻ የሚከተለው። ብር 50 ዶላር ሲገባ ውስጡ ያለው ብር ወደ 38 ዶላር ያወጣል። አንጥረኛ አቅልጦ መስቀልና ድሪ ቢሠራበትም የሚቀርበት ነገር የለም። በጠገራ የሚከስር ሰው የሚከስረው ብር ሲረክስ ብቻ ነው። በመታሰቢያ ሳንቲም የሚከስር ሰው ግን ብር ሲወደድም ሊከስር ይችላል። የ1986ቱ ዶላር ይህንኑ አሳይቷል።

የሻጩም ወገን ይሰማ

ሚንቱን እንደ አትራፊ ነጋዴ ብቻ ማየት ፍርደ ገምድልነት ነው። የመታሰቢያ ሳንቲም በግብር ከፋዩ ገንዘብ መደጎም የለበትም፤ ሕጉም ይህንኑ ይላል። የወርቁ ሳንቲሞች ዋጋ በገበያው ወርቅ ተመን ላይ ተመሥርቶ በየጊዜው ይስተካከላል። የአምስት ዶላሩ ወርቅ የያዘው ሩብ አውንስ የማይሞላ ወርቅ ቢሆንም በአውንስ 4,000 ዶላር ማዕድኑ ብቻውን ከ960 ዶላር በላይ ነው። ይህንን ማንም ሻጭ ሊያረክሰው አይችልም። የብሩ ዋጋ ቀድሞ ተወስኖ በካታሎግ ስለሚወጣ ደግሞ ማዕድኑ በድንገት ሲዘል ሻጩ ከማዕድኑ በታች እንዳይሸጥ ዋጋውን ማንሣት ግዴታው ነው።

ሌላም አለ። ለሐውልቱ እድሳት፣ ለሙዚየሙ፣ ለአርበኞቹ መታሰቢያ ገንዘብ ማዋጣት የሚፈልግ ሰው በሳንቲም መልክ ቢያዋጣ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ንድፉን ወዶ፣ ታሪኩን ወዶ፣ ለልጁ ለማስረከብ የሚገዛም አለ። እንዲህ ያለው ሰው ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ይጠይቃል እንጂ ምን ያህል ያተርፍልኛል ብሎ አይጠይቅም። እርሱ አይከስርም፤ የፈለገውን አግኝቷልና። የአበባ ገዢ አበባው ሲጠወልግ ከሰርኩ እንደማይል ማለት ነው።

የሚከስረው በሁለቱ መካከል የቆመው ነው። ሳንቲሙን አይወድም፤ ግን "የመንግሥት ነው፣ ብር ነው፣ የተወሰነ ነው" ተብሎ ስለተነገረው ይገዛል። ዋጋው በወጣ ቁጥር ደግሞ "ከመወደዱ በፊት ልያዝ" ብሎ ይሯሯጣል። ገበያ ሲሞቅ የሚበዛው ይኸኛው ነው፤ ሲቀዘቅዝ ሣጥኑን ይዞ ከደላላ ደላላ የሚዞረውም ይኸኛው ነው።

ታዲያ ምን ይበጃል?

ሚንቱ ማድረግ የሚገባው አንድ ነገር ነው። በእያንዳንዱ ሳንቲም ዋጋ ላይ ማዕድኑ ስንት እንደሆነ፣ መዋጮው ስንት እንደሆነ፣ የቀረው የምን እንደሆነ ዘርዝሮ ቢያወጣ ብዙው ቅሬታ ይቆማል። የሥጋ ሻጭ እንኳ አጥንቱን ለይቶ ይመዝናል። ጥቂት ዓይነት ሳንቲም አውጥቶ ብዙ ሰው እንዲገዛው ማድረግም ብዙ ዓይነት አውጥቶ ጥቂት ሀብታሞችን ከማስመረር ይሻላል፤ አትላንታ ይህንን አስተምራለች።

ገዢው ደግሞ ሒሳቡን ራሱ ይሥራ። የሳንቲሙን ክብደት በግራም ወስዶ በንጽሕናው ያብዛ፤ ለ31.1 ያካፍል፤ የተገኘውን አውንስ በዕለቱ ዋጋ ያብዛ። ይህ ወለሉ ነው። ከወለሉ በላይ የከፈለውን ሁሉ ለደስታ እንደከፈለ ይቁጠረው። ደስታው ያን ያህል የሚያወጣ ከሆነ ይግዛ፤ አለበለዚያ ይለፈው። ብር ፈልጎ ከሆነ ጥፍጥፉን ወይም ለማዕድኑ ብለው የሚሸጡትን ሳንቲሞች ይግዛ። የመታሰቢያ ሳንቲም ወዶ ነገር ግን ዋጋው ከከበደው ይታገሥ፤ ብዙዎቹ የመታሰቢያ ዶላሮች ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሁለተኛው ገበያ ከመውጫ ዋጋቸው በታች ተገኝተዋል። የመርካቶ ነጋዴ ትርፍ የሚገኘው ሲሸጡ ሳይሆን ሲገዙ መሆኑን ያውቃል።

ዋሺንግተን ወይም አትላንታ ያለ ዘመድ "አዲስ ሳንቲም ወጥቷል፣ ኋላ ይወደዳል፣ ላስቀምጥልህ?" ብሎ ቢጽፍለት አንባቢው ሁለት ጥያቄ ይመልስለት። ውስጡ ስንት ብር አለ? ከወለሉ በላይ የምንከፍለውን የዛሬ ሃያ ዓመት ማን ይመልስልናል? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አለው፤ ሚዛን ይበቃል። ለሁለተኛው መልስ ከሌለ ግን ዕቃው ማስታወሻ ነው እንጂ ሀብት አይደለም። ማስታወሻን ሀብት ብሎ መቁጠር ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ከማለት አይለይም።